«ጎሳው ምንድን ነው?» ስለ ቅዳሜ ከሰዓት የታሪክ ንግግሮች የቀረበ ሂስ



እንደምታስታውሱት ባለፈው ተርም በላይብረሪው አዳራሽ፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በአካባቢያችን ታሪክ ውስጥ ብዙ ስላልተወራላቸው ሰዎች አምስት ንግግሮች ተደርገዋል። መምህራንም ተማሪዎችም መጥተው ሰምተዋል። ወንበር ጠፍቶ በመስኮት የሰሙም ነበሩ። ንግግሮቹ በሚቀጥለው ተርምም ይቀጥላሉ ስለተባለ፣ ከመቀጠላቸው በፊት ስለ አካሄዳቸው ጥቂት ሐሳብ ለማቅረብ ነው ብዕሬን ያነሳሁት።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ላድርግ። ሂስ ስድብ አይደለም። በእኛ ዘንድ አንድ ሰው አንድ ነገር ሠርቶ ሲያቀርብ ፊት ለፊት ይጨበጨብለታል፣ ዞር ሲል ደግሞ ይታማል። መሐል ላይ ያለው፣ ማለትም «ይኸ ጥሩ ነው፣ ይኸ ግን እንዲህ ቢሆን ይሻላል» የሚባለው ነገር ገና አልተለመደም። ንግግሮቹን ያቀረቡት መምህራን ሳምንቱን ሙሉ መቶና ከዚያ በላይ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል ሲያስተምሩ የሰነበቱ፣ ለዚህ ሥራ አንድ ሽልንግ ያልተከፈላቸው ናቸው። ጭብጨባውን አጨብጭበንላቸዋል፣ ይገባቸዋልም። አሁን ደግሞ እንነጋገር። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ያልታወቁት ለማን ነው?

የቀረቡት ሰዎች በቅደም ተከተል እነዚህ ናቸው፤ ኬንያዊቷ መካቲሊሊ ዋ መንዛ፣ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ፣ ኦኔሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ ሱዳናዊው መኮንን ዓሊ አብደል ለጢፍ፣ በመጨረሻም ሼህ በክሪ ሳጳሎ። ምርጫው በጣም ጥሩ ነው። ነገሥታትና ጄኔራሎች አልበዙበትም።

ይሁን እንጂ «ብዙ ያልተወራላቸው» የሚለው ቃል ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። መካቲሊሊን የኬንያ ልጅ ሁሉ ያውቃታል ማለት ይቻላል፤ ማሊንዲ ከተማ ውስጥ ሐውልት ቆሞላታል። ኦኔሲሞስን ከወለጋ የመጣ ሰው አያውቅም ብሎ ማሰብ ዘበት ነው። ዓሊ አብደል ለጢፍም በሱዳን የትምህርት ቤት መጽሐፍ ውስጥ አለ። ታዲያ ያልታወቁት ለማን ነው? ለጎረቤት ነው። እኛ እዚህ አንድ ቧንቧ ላይ ተሰልፈን ውኃ የምንቀዳ፣ አንድ ቀን አንድ ቦታ ራሽን የምንቀበል ሰዎች፣ አንዳችን የሌላውን ትልቅ ሰው ስም አናውቅም። ልጆቻችን ስለ ናፖሊዮን ይጠየቃሉ፣ ይመልሳሉ። ከጎናቸው የተቀመጠው ልጅ አያት በማን ስም እንደሚምሉ ግን አያውቁም።

እንግዲህ የንግግሮቹ ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ትልቁ ጉድለታቸውም እዚሁ ላይ ነው። ምክንያቱም በአምስቱም ቅዳሜ ተናጋሪው የተናገረው ስለ ራሱ ወገን ሰው ነው። ጊርያማዋን ኬንያዊ መምህር አቀረቡ፣ ሱዳናዊውን ሱዳናዊ፣ ሌላውንም እንዲሁ። በዚህም ምክንያት አዳራሹ ውስጥ የፊተኛው ወንበር በየሳምንቱ ተቀያየረ። የዚያ ቀን ባለቤቶች ፊት ይቀመጣሉ፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ይሰማል። እንደ ሠርግ ቤት ማለት ነው፤ የሙሽራው ዘመድና የሙሽራዋ ዘመድ ተብሎ።

ስለ መካቲሊሊ

መጀመሪያ የቀረበችው መካቲሊሊ ናት። እንግሊዞች በኬንያ ጠረፍ የሚኖረውን የጊርያማ ሕዝብ የጎጆ ግብር ክፈሉ፣ ወጣቶቻችሁንም ለጉልበት ሥራ ስጡ ሲሉት፣ በ1913 መካቲሊሊ ከመንደር መንደር እየዞረች፣ ኪፉዱ የተባለውን የሐዘን ጭፈራ እያስጨፈረች ሕዝቡን ሰበሰበች። ካያ ፉንጎ በተባለው የተቀደሰ ስፍራም ሕዝቡ ለእንግሊዝ ላለመታዘዝ ማለ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተያዘችና ዋንጄ ዋ ምዋዶሪኮላ ከተባለው አጋሯ ጋር ወደ ምዕራብ ኬንያ፣ ወደ ኪሲ አገር ተጋዘች። በ1914 ከግዞት አምልጠው ወደ ጠረፍ ተመለሱ። በዚያው ዓመት በኦገስት እንግሊዞች ካያ ፉንጎን በፈንጂ አፈረሱት፤ ጦርነቱም ተነሣ።

ተናጋሪው ይህን ሁሉ ሲያቀርቡ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር የሚሰማቸው። በተለይ የዶሮዋ ታሪክ ሕፃናቱን እስኪበቃቸው አስቋል። መካቲሊሊ በስብሰባ ላይ ለእንግሊዙ ሹም ለቻምፒዮን ጫጩት ያላትን ዶሮ አምጥታ «እስቲ አንዷን ጫጩት ውሰድ» አለችው፣ እጁን ሲሰድ ዶሮዋ ነከሰችው፣ «ልጆቻችንን ብትነካ እኛም እንዲሁ ነን» አለችው የሚለው ነው።

ጥሩ ታሪክ ነው። ነገር ግን ግብሩና እስራቱ ቅኝ ገዥዎቹ በጻፉት ወረቀት ላይ የሚገኝ ነው፤ የዶሮዋ ታሪክ ግን ሲነገር የኖረ ነው። ተናጋሪው ሁለቱን አልለዩልንም። አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ «ይኸ የት ተጽፏል?» ብሎ ሲጠይቅ «ሁሉም ሰው ያውቀዋል» የሚል መልስ ነው የተሰጠው። ይኸ መልስ ለአስተማሪ አይበቃም። የዶሮዋ ታሪክ ይቅር እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም የሹሙ ወረቀት የማይነግረንን ይነግረናል፤ ሕዝቡ መካቲሊሊን እንዴት አድርጎ ሊያስታውሳት እንደፈለገ ያሳየናል። «ይኸኛው በመዝገብ የተገኘ ነው፣ ይኸኛው ከአያቶች አፍ የተሰማ ነው» ማለት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ልጁ የሚማረው ትልቁ ትምህርት ደግሞ እሱ ነው።

ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት

ሁለተኛውን ንግግር በአጭሩ ልለፈው። በእኔ አስተያየት በዝግጅት ከሁሉም የተሻለው እሱ ነበር። በ1886 አድዋ አካባቢ የተወለደው ገብረ ሕይወት በልጅነቱ ከምጽዋ በመርከብ ተደብቆ ወጥቶ፣ በርሊን ድረስ ደርሶ የሕክምና ትምህርት እንደተማረ ተነግሮናል። ተናጋሪው ግን በዚያ አልቆሙም። እሱ ከሞተ በኋላ በ1924 የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ይዘው፣ ሐሳቡን አንድ በአንድ አስረዱ። ጥሬ ዕቃ ብቻ እየሸጠ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር ለምን እንደማይበለጽግ፣ በየኬላው የሚከፈል ቀረጥ ንግድን እንዴት እንደሚገድል፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ነጻነቱን ጠብቆ መኖር ለምን እንደሚቸገር። ሰውየው በ1919 ሲሞት ገና ሠላሳዎቹን አልዘለቃቸውም። የአንድ ሰው ታላቅነት «የት ተወለደ፣ የት ሞተ» በሚለው ሳይሆን ባሰበው ነገር ሊነገር እንደሚችል ያየነው በዚህ ንግግር ነው። የጎደለው ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ከተወራ በኋላ ለጥያቄ የቀረው አምስት ደቂቃ ነበር። ያንንም አስተርጓሚው ጨረሰው።

ስለ አስቴር ጋኖ

ሦስተኛው ንግግር «ኦኔሲሞስ ነሲብና ረዳቱ» ተብሎ ነው የተለጠፈው። እኔ የምከራከረው ከዚህ «ረዳቱ» ከሚለው ቃል ጋር ነው።

ኦኔሲሞስ በልጅነቱ ከኢሉባቦር ተሰርቆ የተሸጠ፣ በ1870 ምጽዋ ላይ ነጻ የወጣ፣ በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። አስቴርም እንዲሁ በባርነት ተሸጣ ባሕር ስትሻገር፣ በ1886 የጣሊያን መርከብ አስጥሏት ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ ወደሚገኘው የሚሲዮኑ ትምህርት ቤት የገባች ናት። እስከዚህ ድረስ ተነግሮናል። ከዚያ በኋላ ግን ንግግሩ ሙሉ በሙሉ የኦኔሲሞስ ሆነ። አስቴር «በትርጉሙ አገዘችው» ተብላ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈች።

እስቲ ያገዘችውን እንቁጠር። ለትርጉሙ ሥራ መነሻ የሆነውን፣ አሥራ አምስት ሺህ ያህል ቃላት ያሉበትን የኦሮምኛ መዝገበ ቃላት ያዘጋጀችው እሷ ናት። አምስት መቶ የሚሆኑ ዘፈኖችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌዎችንና እንቆቅልሾችን ከራሷ ትዝታና አብረዋት ከነበሩት ሰዎች አፍ ሰብስባ የጻፈችው እሷ ናት። ከእነዚህም የተወሰኑት ለንባብ ማስተማሪያ በተዘጋጀ መጽሐፍ ገብተው በ1894 እዚያው እምኩሉ ታተሙ፤ በግዕዝ ፊደል። መጽሐፍ ቅዱሱ በ1899 በስዊዘርላንድ ሲታተም ግን በአደባባይ የተነሣው ስም የኦኔሲሞስ ብቻ ነበር። እሷ ከዚያ በኋላ ከ1904 ጀምሮ ነቀምቴ ላይ ስታስተምር ኖራ በ1964 አረፈች።

ይህን የምለው የኦኔሲሞስን ክብር ለመቀነስ አይደለም። እሱም ብዙ የደከመ ሰው ነው። ነገር ግን ከመቶ ዓመት በፊት ሽፋኑ ላይ ስሟ ሳይወጣ የቀረውን ሴት፣ እኛም ዛሬ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ረዳቱ» ብለን ስሟን ሳንጽፍ ብንቀር፣ ታሪክ ነገርን ነው ወይስ ጥፋቱን ደገምነው? በዚያ ቀን ከአዳራሹ እኩሌታ የሚሆኑት ልጃገረዶች ነበሩ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ከትምህርት ቤት የሚቀሩብን እነሱ መሆናቸውን እናንተ መምህራን ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። የመዝገበ ቃላት ሥራ የሠራች፣ ያውም ተሸጣ የነበረች ሴት ታሪክ ለእነሱ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

ለእኛ ለመምህራንም የሚሆን ነገር አለው። አስቴር የማንበቢያ መጽሐፉን ጽሑፍ ከሩቅ አገር አላመጣችም። ልጆች ማታ ማታ የሚጠያየቁትን እንቆቅልሽ፣ እናት የምታወራውን ተረት ነው ወረቀት ላይ ያወረደችው። አገራቸውን ያጡ ጥቂት ሰዎች፣ በባዕድ አገር፣ በትንሽ ማተሚያ ቤት ይህን ከሠሩ፣ እኛስ «መጽሐፍ የለም» እያልን እስከ መቼ እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጣለን? ይኸ ጥያቄ በንግግሩ ላይ ቢነሣ ኖሮ ሰኞ ጧት ክፍል ውስጥ የምንሠራበት ነገር ይዘን እንወጣ ነበር።

ስለ ዓሊ አብደል ለጢፍ

አሁን ወደ ርዕሴ ደረስኩ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስገደደኝ አራተኛው ንግግር ላይ የሆነው ነገር ነው።

ዓሊ አብደል ለጢፍ በ1896 ዋዲ ሐልፋ ተወለደ። አባቱ ከኑባ ተራሮች፣ እናቱ ከዲንቃ ናቸው፤ ሁለቱም ከባርነት ሕይወት የወጡ። ካርቱም በሚገኘው የጦር ትምህርት ቤት ተምሮ መኮንን ሆነ። በ1922 የሱዳንን ሕዝብ መብት የሚጠይቅ ጽሑፍ ለጋዜጣ ቢያቀርብ፣ ጽሑፉ ሳይታተም እሱ ለአንድ ዓመት ታሰረ። በ1924 ከጓደኞቹ ጋር የነጭ ባንዲራ ማኅበርን መሠረተ፤ በዚያው ዓመት እንደገና ተያዘ። በኦገስት 9 ቀን የጦር ትምህርት ቤቱ ዕጩ መኮንኖች ሰልፍ ወጥተው ወደ ቤቱ ሄዱ፣ ሚስቱ አዛ መሐመድ አብደላም ወጥታ ከሰልፉ ጋር ተቀላቀለች። ዓሊ ግን ከዚያ በኋላ ነጻ አልወጣም። በመጨረሻ ወደ ካይሮ ተወስዶ በ1948 እዚያው ሞተ።

ተናጋሪው ይህን በሚገባ አቀረቡ። የአዛን ስም ማንሣታቸውም ያስመሰግናቸዋል። ጥያቄ ሲጀመር አንድ የአሥራ አምስት ወይም የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ተነሥቶ በአስተርጓሚ ጠየቀ፤ «ጎሳው ምንድን ነው?»

ልጁ በክፋት አልጠየቀም። እዚህ ሲኖር ዘወትር የሚጠየቀው ይኸው ነው፤ ሰፈር ሲከፈል፣ ቡድን ሲደለደል፣ የኳስ ጨዋታ ላይ ሳይቀር። ተናጋሪው መለሱ፤ «ግማሹ ይኸ ነው፣ ግማሹ ያ ነው» ብለው። በቃ፣ ከግራ በኩል «የእኛ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ፣ ከቀኝ በኩልም «አባቱ ነው የሚቆጠረው፣ የእኛ ነው» የሚል ተከተለ። ወደ ኋላ የተቀመጡት ደግሞ መሣቅ ጀመሩ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛ እየደበደቡ ስብሰባውን ዘጉት። ውጭ ላይም ክርክሩ ወደ ግፊያ ሊሄድ ሲል ሽማግሌዎች ገብተው ነው ያበረዱት።

በእኔ ግምት በአምስቱ ንግግሮች ሁሉ እጅግ ጠቃሚ የሆነው ቅጽበት ያ ነበር፤ በከንቱ አመለጠን። ለምን ቢባል፣ ያ ጥያቄ ለዓሊ አዲስ አይደለም። በ1924 «ሐዳረት አል ሱዳን» የተባለው ጋዜጣ ዓሊንና ማኅበሩን ሲያጥላላ የሰነዘረው ድንጋይ ይኸው ጥያቄ ነበር። ይህ ሰው ማን ነው? ከየትኛው ጎሳ ነው? እንዲህ ያለ ዘር የሌለው ሰው እንዴት ሕዝብን ወክሎ ይናገራል? የሚል ነበር መንፈሱ። የታላላቅ ቤተሰቦች ልጆች ያፌዙበት የነበረው ጎሳ ስለሌለው ነው። ወላጆቹን ባርነት ከዘመዶቻቸው ቆርጦ ጥሏቸዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ «ሱዳኒ» የሚለው ቃል ራሱ ለባሪያ ዘር ለሚባሉ ጥቁሮች የሚሰጥ የንቀት ስም ነበር። ዓሊ ያደረገው ያንን የንቀት ስም አንሥቶ የአንድ አገር ሕዝብ ሁሉ መጠሪያ ይሁን ማለቱ ነው። የታሰረውም፣ የተፈራውም፣ የሚታወሰውም በዚሁ ነው።

እንግዲህ አስቡት። ለልጁ «ይህ አሁን የጠየቅከው ጥያቄ በ1924 ለዓሊም ቀርቦለት ነበር፣ ያቀረቡለትም ጠላቶቹ ናቸው፣ የእሱ መልስ ደግሞ እንዲህ ነው» ቢባል ኖሮ ልጁ አያፍርም፣ አይሰደብም፤ ያስባል። አዳራሹም ያስባል። እኛ ግን ዕድሜውን ሙሉ ከመከፋፈል ያመለጠውን ሰው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ለሁለት ቆርጠን አከፋፈልነው።

እርግጥ ነው፣ ተናጋሪው ያንን ጥያቄ አልጠበቁትም። አንድ ሰው ሁሉን ሊያውቅ አይችልም ይባል ይሆናል። ይሁን እንጂ በዚህ ካምፕ ስለ ማንም ሰው ብንናገር ያ ጥያቄ እንደሚመጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተናጋሪ ለእሱ መልስ ይዞ መምጣት አለበት። መደበቅም አይረዳም። የዓሊን አባትና እናት ከየት እንደመጡ ሳንናገር ታሪኩን መናገር አንችልም። ነገሩ ያለው የዘሩን ጉዳይ የታሪኩ መደምደሚያ በማድረጋችንና ባለማድረጋችን ላይ ነው።

ስለ ሼህ በክሪ ሳጳሎ

የመጨረሻው ንግግር በስሜት የተሞላ ነበር። ሼህ በክሪ በ1895 የተወለዱ፣ በምሥራቅ ኢትዮጵያ ያስተማሩ የእስልምና ሊቅና ባለ ቅኔ ናቸው። በ1956 ለኦሮምኛ ድምፅ የሚስማማ የራሱ ፊደል ፈጠሩ። ፊደሉ በተማሪዎቻቸው መካከል መሰራጨት ሲጀምር የዘመኑ መንግሥት አልወደደውም፤ ድሬዳዋ ላይ በቁም እስር ተቀመጡ። በ1978 በደርግ ዘመን ወደ ሶማሊያ ተሰደዱ፤ በ1980 በስደተኞች ካምፕ ውስጥ አረፉ።

ንግግሩ እዚህ ላይ በጭብጨባ አለቀ። እኔ ግን ማለቅ የነበረበት እዚህ አይመስለኝም። ያሳደዳቸውን መንግሥት መውቀስ ተገቢ ነው፤ የሆነ ነገር ነው፣ ይነገር። ነገር ግን ጭብጨባው ውስጥ ሁለት ነገሮች ጠፍተውብናል። አንደኛው፣ አንድ ሊቅ የመጨረሻ ዘመናቸውን የጨረሱት እንደ እኛ ባለ ቦታ መሆኑ ነው። አጠገባችን በድንኳን ጥላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌ ምን ይዘው እንደመጡ ጠይቀን እናውቃለን? የሼህ በክሪ ፊደል ከእሳቸው ጋር ያልተቀበረው ሰዎች ደብተሮቻቸውን ስላዩ፣ ስለጠየቁ ነው። ሃይዋርድና መሐመድ ሐሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን ስለ ፊደሉ ያጠኑትን በ1981 ለንደን ላይ በሚታተም መጽሔት አውጥተውታል።

ሁለተኛው የጠፋብን የጎረቤት ነገር ነው። በ1920 ገደማ ዑስማን ዩሱፍ ኬናዲድ የተባለ ሶማሊያዊም ለቋንቋው ፊደል ፈጥሯል፤ በስሙ ዑስማንያ ይባላል። በ1972 የሶማሊያ መንግሥት የላቲኑን ፊደል ሲመርጥ ዑስማንያ ቀረ። ኦሮምኛም በ1991 በላቲን ፊደል፣ በቁቤ መጻፉ ሲወሰን የሼህ በክሪ ፊደል ከዚያው ዕጣ ደረሰው። ሁለት ጎረቤት ሕዝቦች፣ ሁለት ፊደል ፈጣሪዎች፣ አንድ ዓይነት ፍጻሜ። ይህን አንድ የሶማሌና አንድ የኦሮሞ መምህር ጎን ለጎን ቆመው፣ ሰሌዳው ላይ ሁለቱንም ፊደል እየጻፉ ቢያቀርቡት ኖሮ እንዴት ያለ ቅዳሜ ይሆን ነበር! ፊት ለፊት የሚቀመጠው «ባለቤት» ማን እንደሆነ ይጠፋ ነበር።

ምን ይደረግ?

ነቅፎ ዝም ማለት ቀላል ነው። ስለዚህ ለሚቀጥለው ተርም የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ተናጋሪው ስለ ጎረቤቱ ሕዝብ ሰው ይናገር። ካልሆነም ከሁለት ወገን ሁለት መምህራን አብረው ያዘጋጁት። ስለ ራስ ሰው ሲናገሩ ማወደስ ይቀናል። ስለ ሌላው ሲናገሩ ግን መጠየቅ፣ ማንበብና መጠንቀቅ የግድ ነው። አዘጋጁ ለመዘጋጀት ብሎ የጎረቤቱን ቤት ማንኳኳቱ በራሱ ግማሽ ጥቅም ነው።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ተናጋሪ የሚናገረው ነገር ከየት እንደተገኘ ይንገረን። ሰውየው ራሱ የጻፈው ነው? የገዛው ወይም ያሰረው መንግሥት የጻፈው ነው? ወይስ ሲነገር የኖረ? ይህን በሰሌዳው ላይ በሦስት መስመር መጻፍ ይበቃል።

ሦስተኛ፣ ከዋናው ስም ጎን የማን ስም ቀረ ተብሎ ይጠየቅ። ከኦኔሲሞስ ጎን አስቴር ነበረች፣ ከዓሊ ጎን አዛ ነበረች። ከሁሉም ጎን አንድ ሰው አይጠፋም።

አራተኛ፣ ንግግሩ ከአርባ ደቂቃ አይብለጥ፤ እኩል ጊዜ ለጥያቄ ይሰጥ። አስተርጓሚዎችም ጽሑፉን ከሁለት ቀን በፊት ያግኙት። ሦስት ደቂቃ ሙሉ የተነገረ ነገር «ታግሏል ነው የሚሉት» ተብሎ ሲተረጎም ሰምተናል እኮ!

አምስተኛ፣ ለመክፈቻው አንድ ርዕስ ልጠቁም። በ1888 ኦስፕሬ የተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ በቀይ ባሕር ላይ የባሪያ ጀልባዎችን ይዛ ከሁለት መቶ በላይ የኦሮሞ ልጆችን አስጣለች። ኤደን ከተወሰዱት ከእነዚህ ልጆች 64ቱ በ1890 ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ሚሲዮናውያኑ እያንዳንዱን ልጅ ከየት እንደተወሰደ፣ ማን እንደሸጠው፣ በየት በኩል እንደመጣ ጠይቀው ጽፈዋል፤ ያ ጽሑፍ እስከ ዛሬ አለ። ከልጆቹ አንዷ ቢሾ ጃርሳ ትባላለች። የልጅ ልጇ ኔቪል አሌክሳንደር ከ1964 እስከ 1974 በሮበን ደሴት የታሰረ የነጻነት ታጋይ ሲሆን፣ ከእስር ከወጣ በኋላ በ2012 እስኪሞት ድረስ የደቡብ አፍሪካ ልጆች በእናት ቋንቋቸው እንዲማሩ የደከመ ምሁር ነው።

ይህንን ርዕስ የመረጥኩት ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ነው። እኛም ጠረጴዛ ፊት ተቀምጠን «ከየት መጣህ፣ በየት በኩል፣ ከማን ጋር» ተብለን ተጠይቀናል። የተናገርነውም በሌላ ሰው እጅ፣ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚህ ካምፕ የሚናገር ሰው የሚያገኘው ያንን ፋይል ብቻ ከሆነ፣ ያስተማርነውን፣ የዘፈንነውን፣ የተጠያየቅነውን እንቆቅልሽ ከየት ያመጣዋል? የላቭዴል ልጆች ሲጠየቁ ሕፃናት ነበሩና የተጠየቁትን ብቻ ነው የመለሱት። እኛ ግን እስክርቢቶ አለን። ተማሪዎቻችንም ከሰፈራቸው አንድ ሽማግሌ ወይም አንዲት አሮጊት ጠይቀው አንድ ገጽ ጽፈው እንዲያመጡ በቤት ሥራ ብናዛቸው፣ በአንድ ተርም ውስጥ የላይብረሪው አንዱ መደርደሪያ ይሞላል።

ንግግሮቹ እንዲቀጥሉ ከልቤ እመኛለሁ። እንደ እኔ ዩኒቨርሲቲ ጀምሮ መጨረስ ላልቻለ ሰው እነዚያ ቅዳሜዎች ትልቅ ነገር ናቸው፤ የተቋረጠውን ሌክቸር ያስታውሳሉ። ማዘጋጀት የምትፈልጉ መምህራን እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ለላይብረሪው ኃላፊ ስማችሁን እንድትሰጡ ተብሏል። በምትመርጡት ሰው ላይ ግን አንድ ምክር ልጨምር፤ ስሙን ስትሰሙ «የእኛ ነው» የማትሉትን ሰው ምረጡ።

በዚህ ጽሑፍ የማትስማሙ ካላችሁ ለሚቀጥለው እትም ጻፉ፤ አዘጋጆቹ ያወጡላችኋል። እኔም አነባለሁ።

ቸር ይግጠመን።